ካርታውን ብቻ አይታ ያላለፈችው ባለሙያ

እንደምን ሰነበታችሁ የደብረ ማርቆስና የአካባቢዋ ሰዎች። ዛሬ አንዲትን ሴት በአደባባይ ላመሰግንና ቤት ለመሥራት ያሰባችሁ ካላችሁ ወደ እሷ ልጠቁማችሁ ነው የጻፍሁት። የከተማ ፕላን ባለሙያ ናት፤ ለዓመታት በመንግሥት ሥራ ቆይታ አሁን በግሏ ንድፍ ትሠራለች። ስሜን አትጻፍ ስላለችኝ አልጽፍም።

አባታችን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በደርግ ጊዜ የተመራው ቦታ አለን። መንገድ ዳር ነው፤ እናቴ እስከ ዛሬ የምትኖርበት የጭቃ ቤት ያረፈበት። ዩኒቨርሲቲው ከተከፈተ ወዲህ ቤት ፈላጊው በዝቷልና እኔና እህቴ ያጠራቀምነውን አዋጥተን ከታች ሱቅ፣ ከላይ መኖሪያ አድርገን ጂ ፕላስ ሁለት (ምድር ቤቱና በላዩ ሁለት ፎቅ) ልናቆም ተነሳን። አንድ ንድፍ ሠሪ ገንዘብ ተቀብሎ እስከ መንገዱ ጠርዝ የሚደርስ ንድፍ ሰጠን። ደላላውም «ካርታ እያላችሁ ማን ይነካችኋል» አለን። አመንን። ድንጋይና አሸዋ አስገባን።

ደግነቱ አንድ ጎረቤታችን መሠረት ከመቆፈሩ በፊት ይቺን ልጅ አማክሩ ብለው ይዘውን ሄዱ። ካርታውን አየች፣ ንድፉን አየች፣ ከዚያ «የፕላን ስምምነት ወስዳችኋል?» አለች። ቃሉን ያን ቀን ነው የሰማሁት። ግንባታ ፈቃድ ከመጠየቅ በፊት፣ ልሠራው ያሰብሁት ነገር ከከተማው ፕላን ጋር ይሄዳል ወይ ብሎ የሚጠየቅበት ወረቀት ነው።

እናቴ ግን አልተዋጠላትም። «ልጄ፣ ግብሩን እየከፈልሁ፣ ቦታው የእኔ አይደለም ወይ?» አለቻት። ስንቱ ባለሙያ እንዲህ ያለውን ጥያቄ በፈገግታ ያልፈዋል። እሷ ወንበሯን አስጠግታ ተቀመጠች። «እማማ፣ ቤቱ የእርስዎ ነው። መሬቱ ግን በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ የእርስዎ የመጠቀም መብቱ ነው። ይሄ ካርታ የሚናገረው ባለይዞታ መሆንዎንና የቦታውን ስፋት ነው። ምን ይሠራበት፣ ስንት ፎቅ ይውጣበት፣ ከመንገዱ ምን ያህል ይራቅ የሚለውን የሚናገረው ደግሞ የከተማው ፕላን ነው።» እኔ በዚህ ዕድሜዬ ካርታና ፕላን አንድ ይመስሉኝ ነበር።

ቀጥላ ነገሩን ከሥሩ አስረዳችን። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 ከተሞች በፕላን እንዲመሩ ያዛል። መዋቅራዊ ፕላኑ የከተማውን ዋና ዋና የመሬት አጠቃቀም፣ ማለትም መኖሪያውን፣ ንግዱን፣ ቅይጡን፣ አረንጓዴውን፣ ኢንዱስትሪውን እንዲሁም ዋና መንገዶችን ይወስናል። የአካባቢ ልማት ፕላን ደግሞ ወደ ሰፈር ወርዶ ዝርዝሩን ያወጣል። እንደኛ ያለው ነባር ሰፈር ዋናው ችግሩ የመንገድ ስፋት ነው አለች። ከተማችን መንቆረር ስትባል ጀምሮ የቆዩት መንገዶች ለእግረኛና ለበቅሎ የበቁ ነበሩ፤ ፕላኑ ሊያሰፋቸው ሲያስብ ከሁለቱም ወገን ካለው ግቢ ይወስዳል። ዛሬ አጥራችሁ የቆመበት መስመር ነገ የመንገዱ ጠርዝ ነው ማለት አይደለም።

በማግስቱ ሜትሯን ይዛ መጣች። ከመንገዱ መሐል ተነስታ የታቀደውን ስፋት ግማሽ እየለካች በበራችን ገባች። ሜትሩ እናቴ ከአጥሩ ሥር ከተከለችው ጌሾ አለፈ። ቆም ብላ ደግማ ለካች፣ ከዚያ ጎንበስ ብላ ችካል መታች። ከአጥራችን 3 ሜትር ከ40 ሳንቲ ሜትር ወደ ውስጥ። በንድፉ ላይ ያሉት ሱቆቻችን በሙሉ ከዚያ መስመር ውጭ ነበሩ። ያ ንድፍ ፈቃድ አያገኝም፤ በጉልበት ብንሠራው ደግሞ ያፈርሱብን ነበር፣ ያለ ፈቃድ ለተሠራ ቤት ካሣ ብሎ ነገር የለም።

አዲስ ንድፍ ልሥራላችሁና ክፈሉኝ ብትል ያን ቀን እምቢ የሚል አልነበረም። እሷ ግን የጽሑፍ መልሱ ሳይመጣ ሳንቲም አልቀበልም አለች። ማመልከቻውን አብራን አዘጋጀች። መልሱ ሲመጣ ቦታችን ቅይጥ አገልግሎት ውስጥ መሆኑ ታወቀ፤ ከታች ሱቅ ከላይ መኖሪያ ይፈቀዳል፣ ከችካሉ ወደ ውስጥ ከሆነ። የሰፈሩ ምደባ መኖሪያ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለሱቁ የአገልግሎት ለውጥ መጠየቅ ይኖርብን ነበር።

አንድ ሌላም ነገር አሳየችን። ያኔ የሚሠራበት የሕንጻ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሕንጻን በሦስት ምድብ ይከፍል ነበር። ከሁለት ፎቅ በታች የሆነ መኖሪያ ምድብ ሀ፣ ከ12 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ምድብ ሐ ነበር። የእኛው በመሐል ያለው ምድብ ለ ስለሆነ የስትራክቸር ንድፍና ስሌት የግድ ይል ነበር። የመጀመሪያው ሰውዬ የሰጠን የክፍሎቹን አቀማመጥ ብቻ ነበር፤ የሦስት ደርብ ክብደት በምን ብረት እንደሚቆም የሚያሳይ አንድ ገጽ እንኳ አልነበረውም። ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ ሰውነቴን ውርር ያደርገኛል፣ እናቴ እዚያ ውስጥ ልትኖር ነበር።

ወደ እሷ ልትሄዱ ካሰባችሁ ይህን እወቁ። ቦታውን በእግሯ ሳትረግጥ ንድፍ አትጀምርም፣ ስለዚህ ወረፋ አለ። በእጅ መንሻ የሚያልቅ ነገር ከፈለጋችሁም አትድከሙ፣ ሁሉንም በመዝገብ ነው የምታስኬደው። ክፍያዋን ከመጀመሪያው በወረቀት ታሳውቃለች፤ እኛ ከተባለው አንድ ብር አልጨመርንም።

መሠረቱ ባለፈው ወር ተሞልቷል። ጌሾው ከችካሉ ፊት ቀርቷል፤ እናቴ ቅጠሉን እየለቀመች «እጅሽ ይባረክ፣ የልጅ ልጅ እይ» እያለች ትመርቃታለች። ስልኳን የምትፈልጉ በውስጥ ጻፉልኝ፣ አስፈቅጃታለሁ። ስትሄዱ ካርታችሁንና የዘመኑን የግብር ደረሰኝ ያዙ፤ ቀድሞ የተሠራ ንድፍ ካላችሁም አትደብቁት፣ መጀመሪያ የምትጠይቃችሁ እሱን ነው።