የአንግኮር ዋት «የንጋት ፎቶ ፓኬጅ» የሚሸጡላችሁን ተጠንቀቁ

ካምቦዲያ ሄዳችሁ አንግኮር ዋት ላይ ፀሐይ ስትወጣ ፎቶ ለማንሳት ያሰባችሁ ወገኖች፣ በቴሌግራም «ሙሉ ፓኬጅ፣ ትኬት ጨምሮ» እያለ ለሚያግባባችሁ ሰው ብር እንዳትልኩ። እኛ በነፍስ ወከፍ 110 ዶላር አስቀድመን ከፍለን የደረሰብን እስካሁን ያንገበግበኛል።

ቤተ መቅደሱ የሚከፈተው ሌሊት 11 ሰዓት ነው። በጨለማ በባጃጅ ወሰዱንና ትኬቱን መንገድ ላይ አደሉን። መግቢያው ላይ ተቆጣጣሪዋ ባትሪ አብርታ ትኬቱን አየች፣ ፊቴን አየች፣ እንደገና ትኬቱን አየች። ፎቶው የማላውቃት ሴት ነው። የአንግኮር ትኬት የባለቤቱ ፎቶ ይታተምበታል፣ ለሌላ ሰው አይተላለፍም። የሸጡልን ሌላ ቱሪስት ሳይጨርሰው የሄደውን የ3 ቀን ትኬት ነው። ወደ መሸጫው ተመልሰን፣ እንደገና ከኪሳችን ከፍለን ፎቶው የሚነሳበት ከቤተ መቅደሱ ፊት ያለው ኩሬ ዳር ስንደርስ ፀሐይዋ ከማማዎቹ በላይ ወጥታ ሰማዩ ነጥቷል። ሰው አገር አቋርጦ የሚሄድለት ቀለም ጥቂት ደቂቃ ነው የሚቆየው።

ስለዚህ ፎቶአችሁን ሳይጠይቅ «ትኬት ገዝቼላችኋለሁ» የሚላችሁ ሰው ይዋሻል። ዋጋው የ1 ቀን 37፣ የ3 ቀን 62፣ የ7 ቀን 72 ዶላር ነው፤ ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ነፃ ነው። የሚሸጠው አንግኮር ኢንተርፕራይዝ የተባለው የመንግሥት ድርጅት ነው፣ በድረ ገጹም መግዛት ይቻላል። የነገውን ትኬት አመሻሽ ላይ፣ ከ11 ሰዓት በኋላ ብትገዙ በዚያው ምሽትም ያስገባችኋል።

«ቪአይፒ ቦታ» ያሉንም ውሸት ነው። ኩሬው ዳር የሚቆመው ቀድሞ የደረሰ ነው፤ ፊታችሁን ወደ ማማዎቹ አዙራችሁ በግራ በኩል ያለውን ያዙ። በማስታወቂያቸው ላይ ፀሐይዋ በመካከለኛው ማማ አናት ላይ ልክ ተቀምጣለች። ይህ የሚታየው መጋቢት 12 እና መስከረም 13 አካባቢ ብቻ ነው። እኛ የሄድነው በታኅሣሥ ነበርና የወጣችው ወደ ቀኝ ርቃ ነው። ይህን ሳያውቁ ቀርተው አይደለም።

ማታም ፕኖም ባክሄንግ ኮረብታ ላይ ጀንበር ስትጠልቅ «የተያዘ ቦታ አላችሁ» ተባልን። እዚያ በአንድ ጊዜ ከ300 ሰው በላይ አይፈቀድም፣ ወረፋም በገንዘብ አይያዝም። ከ10 ሰዓት በፊት ያልወጣ ሰው ሰልፍ ላይ ቆሞ ይመሽበታል፤ እኛም እንደዚያው መሸብን። ገንዘባችንን ስንጠይቅ ብሎክ አደረጉን።

የከፈላችሁ ካላችሁ ዛሬውኑ የራሳችሁ ፎቶና የጉብኝቱ ቀን ያለበትን ትኬት እንዲልኩላችሁ ጠይቁ። ካልላኩ ትኬታችሁን ራሳችሁ ግዙ፣ ባጃጁንም ካረፋችሁበት ሆቴል በር ላይ ተነጋግራችሁ ያዙ።