ስለሚያድን እምነት የተዘጋጀ የድምፅ ትምህርት፦ ትምህርቱ ይደመጥ፣ መመዘኛ ቅጹ ግን ይታረም

ለአዲስ አማኞችና ለመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ቡድኖች ተብሎ የተዘጋጀውን፣ ስምንት ክፍሎች ያሉትንና ከመልመጃ ደብተር ጋር የሚሰጠውን ስለ ድነት የሚያስተምር የድምፅ ትምህርት ከአንድ የጥናት ቡድን ጋር ሆኜ አዳምጬ ጨርሻለሁ። ትምህርቱ የሚያነሣው ጥያቄ «አምናለሁ» በሚል ሰው ዘንድ ያለው እምነት የሚያድን እምነት ነው ወይስ የአፍ ብቻ፣ ይህስ በምን ይታወቃል የሚል ነው። ጥያቄው የነፍስ ጉዳይ ስለሆነ ትምህርቱም ደብተሩም በጥንቃቄ ሊመዘኑ ይገባል።

በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች አስተማሪው ሰው የሚድነው በጸጋ በእምነት እንጂ በሥራ እንዳይደለ ከኤፌሶን 2፥8-9 ያስረዳሉ፤ እዚያ ላይ ሳያቆሙም ብዙዎች የሚዘሉትን ቁጥር 10 አንብበው፣ የዳነ ሰው ለመልካም ሥራ የተፈጠረ መሆኑን ያሳያሉ። ከዚያም በ16ኛው መቶ ዘመን በአውሮፓ የተነሣው የፕሮቴስታንት ተሐድሶ መምህራን እምነትን የተነተኑበትን መንገድ ያመጣሉ፦ እውነቱን ማወቅ፣ እውነት ነው ብሎ መቀበል፣ በክርስቶስም ላይ መታመን። ያዕቆብ 2፥19 እንደሚለው አጋንንትም እግዚአብሔር አንድ እንደሆነ ያምናሉ፣ ይንቀጠቀጡማል፤ የጎደላቸው እውቀት ሳይሆን መታመንና መታዘዝ ነው። ይህን ነጥብ አስተማሪው ሳያንዛዙ ግልጽ አድርገውታል።

ጳውሎስንና ያዕቆብን የሚያነጻጽረው ሦስተኛው ክፍል ከጠበቅሁት በላይ ነው። ጳውሎስ በሮሜ 4 ስለ አብርሃም መጽደቅ ሲናገር ዘፍጥረት 15ን ይጠቅሳል፤ ያዕቆብ ግን ዓመታት ካለፉ በኋላ ይስሐቅን ወደ መሠዊያ ያቀረበበትን የዘፍጥረት 22ን ታሪክ ያነሣል። አንዱ እምነት ጽድቅ ሆኖ የተቆጠረበትን ጊዜ፣ ሌላው ያው እምነት በሥራ የተገለጠበትን ጊዜ ስለሚያሳዩ፣ ሁለቱ ሐዋርያት እንደማይጣሉ አድማጩ ራሱ ያየዋል። የተሐድሶው መሪ ማርቲን ሉተር እ.ኤ.አ. በ1522 ባሳተመው የአዲስ ኪዳን ትርጉም መግቢያ ላይ የያዕቆብን መልእክት «የገለባ መልእክት» እንዳለው ብዙዎች ያወራሉ፤ በዚያው እትም ለሮሜ መልእክት በጻፈው መግቢያ ግን እምነት ሕያውና ሠራተኛ ነገር እንደሆነ፣ መልካም ሳያደርግ መቀመጥ እንደማይችል ጽፏል። አስተማሪው ሁለቱንም አብረው ማቅረባቸው ተገቢ ነው።

በዚሁ ክፍል ግን ካቶሊኮች ሰው በራሱ ሥራ ይድናል ብለው እንደሚያስተምሩ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተናግረው ማለፋቸው ትክክል አይደለም። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የትሬንት ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1547 ስለ መጽደቅ ባወጣው ድንጋጌ የመጀመሪያው ቀኖና (አንቀጽ)፣ ሰው ያለ እግዚአብሔር ጸጋ በራሱ ሥራ ይጸድቃል የሚለውን በግልጽ ያወግዛል። በሁለቱ ወገኖች መካከል እውነተኛ ልዩነት አለ፤ ልዩነቱን ለማስረዳት ግን ሌላው ያላለውን በአፉ ማኖር አያስፈልግም።

ከሁሉ የበለጠው አራተኛው ክፍል ስለ ጠንቋዩ ሲሞን የሚናገረው ነው። የሐዋርያት ሥራ 8፥13 ሲሞን ራሱ እንዳመነና እንደተጠመቀ፣ ከፊልጶስም ጋር ይተባበር እንደነበር ይናገራል፤ የሚያስደንቀው ግን የሚደረገው ተአምር ነበር። ሐዋርያት እጃቸውን ሲጭኑ መንፈስ ቅዱስ መሰጠቱን ባየ ጊዜ ያንን ሥልጣን በገንዘብ ሊገዛ ጠየቀ፤ ጴጥሮስም ልቡ በእግዚአብሔር ፊት የቀና እንዳይደለ ነገረው። አስተማሪው በቁጥር 24 ላይ ቆም ይላሉ። ሲሞን ከተገሠጸ በኋላ እንኳ የለመነው የተነገረው ቅጣት እንዳይደርስበት እንዲጸልዩለት እንጂ ልቡ እንዲታጠብ አልነበረም። ከእርሱ አጠገብ ዘኬዎስን ያቆሙታል። ማንም ሳይጠይቀው ከገንዘቡ እኩሌታውን ለድኾች ሊሰጥ፣ ያታለለውንም አራት እጥፍ ሊመልስ ተነሣ። ሲሞን ገንዘብ ያወጣው ኃይል ለማግኘት ነው፤ ዘኬዎስ ግን ጌታ ወደ ቤቱ ስለገባ ገንዘቡ ከእጁ ወጣ። ይህን ክፍል ከሰማን በኋላ በቡድናችን ውስጥ ለረጅም ጊዜ የተናገረ ሰው አልነበረም፤ ብዙዎቻችን ከጌታ የምንፈልገው ምን እንደሆነ ራሳችንን እንድንጠይቅ አድርጎናል።

አምስተኛው ክፍል ላይ የሚሞላው የራስ መመርመሪያ ቅጽ ግን ይህን ሁሉ መልካም ሥራ ያበላሻል። ሃያ ጥያቄዎች አሉት፤ እያንዳንዱ አምስት ነጥብ ይይዛል፤ ከስድሳ በታች ያገኘ ሰው «እምነትህ አጠራጣሪ ነው» የሚል ውጤት ያነብባል። በየቀኑ ትጸልያለህ? አሥራት ታወጣለህ? ከኅብረት ቀርተህ ታውቃለህ? አብዛኞቹ ጥያቄዎች እንዲህ ያሉ ናቸው። ራስን መመርመር በ2ኛ ቆሮንቶስ 13፥5 የታዘዘ ስለሆነ በሐሳቡ ላይ ተቃውሞ የለኝም፤ ተቃውሞዬ በነጥቡ ላይ ነው። በሉቃስ 18 ላይ ያለው ፈሪሳዊ በየሳምንቱ ሁለት ጊዜ ይጦማል፣ ከሚያገኘው ሁሉ አሥራት ያወጣል፤ በዚህ ቅጽ ቢመዘን ሙሉ ነጥብ ሊያገኝ ምንም አይቀረውም። ደረቱን እየመታ ምሕረትን የለመነው ቀራጭ ግን ይወድቃል፤ ጸድቆ ወደ ቤቱ የተመለሰው ደግሞ እርሱ ነው። በማቴዎስ 7፥22 «በስምህ አጋንንትን አላወጣንምን?» ብለው ጌታ «ከቶ አላወቅኋችሁም» የሚላቸውም ቢሆኑ በዚህ ቅጽ አይወድቁም ነበር።

ጉዳቱን በዓይኔ አይቻለሁ። በቡድናችን ውስጥ የታመሙ እናቷን የምታስታምም አንዲት እህት ከኅብረት ብዙ ጊዜ ስለቀረች ዝቅተኛ ነጥብ አገኘች፤ ቅጹን አጥፋ በመጽሐፍ ቅዱሷ ውስጥ ከከተተች በኋላ ዕለቱን ሙሉ አንድ ቃል አልተናገረችም። ኃጢአቱ የማያስጨንቀው ሰው ለራሱ ነጥብ ሲያበዛ፣ ኅሊናው የነቃ ሰው ደግሞ ይቀንሳል። ስለዚህ ቅጹ ሊያነቃው የሚገባውን ሰው አስተኝቶ፣ ሊያጽናናው የሚገባውን ያቆስላል።

የድምፁ ጥራት ጥሩ ነው፤ ንባቡ ሥር የገባው ሙዚቃ ብቻ አልፎ አልፎ ቃሉን ይሸፍናል። አዘጋጆቹ ለጥያቄ የሚሰጡት መልስ ግን ሊመሰገን ይገባል። ሥራ ለመሥራት ጊዜ ስላላገኘው በመስቀል ላይ ስለዳነው ወንበዴ ጽፈን ጠይቀን ነበር። መልሱ ሳይዘገይ መጣ፤ ሰውዬው በቀሩት ጥቂት ሰዓታት ባልንጀራውን እንደገሠጸ፣ ቅጣቱ የሚገባው መሆኑን እንዳመነና ሌሎች ሲያላግጡበት ኢየሱስን በመንግሥቱ በመጣ ጊዜ እንዲያስበው እንደለመነው አስተውለን እንድናነብ የሚያደርግ ነበር። ስለ ቅጹ የላክነው ማሳሰቢያ ግን እስካሁን መልስ አላገኘም።

ትምህርቱን ለጥናት ቡድኖች ያለ ማመንታት እመክራለሁ። አዘጋጆቹ ቅጹን እስኪያርሙት ድረስ ግን ቡድን መሪዎች ያንን ገጽ ዘልለው፣ ከአራተኛው ክፍል በቀጥታ በ1ኛ ዮሐንስ 5፥13 ላይ ተመሥርቶ ስለ ድነት እርግጠኝነት ወደሚናገረው ሰባተኛ ክፍል ቢሄዱ፣ ከዚያም ወደ አምስተኛው ቢመለሱና በነጥቡ ፈንታ የሲሞንንና የዘኬዎስን ታሪክ ይዘው ቢወያዩበት ይሻላል።