ድሬዎች፣ «ናይል ፐርች» የሚባለውን ፊሌቶ ቆዳውን ሳታዩ አትክፈሉ

ተናድጄ ነው የምጽፈው፣ ግን በዓይኔ ያላየሁትን አልጽፍም። በቴሌግራም «የጫሞ ናይል ፐርች ፊሌቶ፣ ድሬዳዋና ሐረር ቤት ድረስ» እያለ የሚሸጥ ሰው አለ። ስሙን አልጠራም። አምስት ኪሎ አዘዝኩት፣ ብሩን ቀድሜ በሞባይል ላኩለት። ናይል ፐርች ባለ ቅርፊት ዓሳ ነው፣ የመጣልኝ ግን አምባዛ የሚባለው፣ ቅርፊት የሌለው ባለ ጢም ዓሳ (ካትፊሽ) ነው።

ከሁሉ በፊት አምባዛን እየሰደብኩ እንዳይመስላችሁ። ጥሩ ዓሳ ነው። ሥጋው ውስጥ እንደ ሌሎቹ ቀጫጭን እሾህ ስለማይበዛበት ለልጅ አይከብድም፣ ጉላሽም ይሆናል፣ ሾርባውም ይጥማል። አምባዛ ፈልጎ አምባዛ የሚገዛ ሰው አልተታለለም። እኔ ግን የከፈልኩት የናይል ፐርች ዋጋ ነው። በኋላ የአምባዛውን ሳጠያይቅ የከፈልኩት እጥፍ ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው።

ከብሩ በላይ ያንገበገበኝ ግን የእማዬ ነገር ነው። እማዬ ከሐረር ልትጠይቀን መጥታ ነበር። ቅርፊት የሌለው ዓሳ አትበላም። ኦሪት ዘሌዋውያን 11 ላይ ክንፍና ቅርፊት ያለውን ብሉ የሚለውን ይዛ ነው ዕድሜዋን ሙሉ የኖረችው፣ እንደሷ የሚያደርጉ ብዙ እናቶች በየቤታችን አሉ። ሳጥኑ ሲመጣ በር ላይ ቆማ «ቅርፊት ያለው ነው አይደል ልጄ?» አለችኝ። «አዎ እማዬ፣ ናይል ፐርች ነው» አልኳት። ሻጩን አምኜ እናቴን ዋሸኋት ማለት ነው።

ሳጥኑ በባጃጅ ሲደርስ ቀትር ነበር፣ የድሬን ቀትር ታውቁታላችሁ። ዓሳው በረዶ ስለነበር ሰፌድ ላይ ዘርግቼ እስኪለቅ ጠበቅኩ። ከሥሩ ያስቀመጥኩት ጎድጓዳ ሳህን በውሃ ሞላ። ስመዝነው አምስት ኪሎ ተብሎ የመጣው ሦስት ኪሎ ተኩል እንኳን አልሞላም። የቀረው በፊሌቶው ዙሪያ የተጋገረ በረዶ ነበር። እንግዲህ ይሄ ለብቻው አንድ ማታለል ነው፣ የትኛውንም ዓሳ ስትገዙ በረዶው ከለቀቀ በኋላ ስንት ኪሎ እንደሚሆን ቀድማችሁ ተነጋገሩ።

የእህቴ ባል አርባ ምንጭ ለዓመታት የሰራ ሰው ነው። ኩሽና ገባና አንዱን ቁራጭ አንስቶ ገለበጠው። ጠርዙ ላይ ሁለት ጣት የምታህል ቆዳ ሳትገፈፍ ቀርታ ነበር። «እዚች ላይ ጣትሽን አሂጂባት» አለኝ። ለስላሳ ናት። ጥቁር ግራጫ፣ እንደ እርጥብ ላስቲክ የምታዳልጥ፣ ምንም መስመር የሌላት። ከዛ ፍሪጅ ውስጥ የነበረውን ቆሮሶ (ቲላፒያ) አውጥቶ አጠገቧ አስቀመጠው። የቆሮሶው ቅርፊት ተፍቋል፣ ቆዳው ላይ ግን ቅርፊቶቹ የተነቀሉበት ቦታ ልክ እንደ መረብ ተራ በተራ ይታያል። ናይል ፐርችም ባለ ቅርፊት ስለሆነ እንደዚሁ ነው። ቅርፊት ኖሮት የማያውቅ ቆዳ ግን መረብ አይኖረውም። «አምባዛ ነው፣ አትልፊ» አለኝ።

ስለዚህ ሙሉ በሙሉ የተገፈፈ ፊሌቶ አትግዙ። አንድ መዳፍ የምታህል ቆዳ እንዲተውላችሁ ጠይቁ። «አይቻልም» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ እለፉት። ሌላው ሥጋው ነው። የኔው ወደ ቀይ የሚያደላ፣ ለስለስ ያለ፣ መሀል ለመሀል ጠቆር ያለ ቀይ መስመር የነበረው ነው። ናይል ፐርች ነጣ ያለና ጠንከር ያለ ነው፣ ሲበስል በትላልቅ ቅጠል ይለያያል። ጭቃ ጭቃ የሚለው ጣዕም ግን ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። እሱ የሚመጣው ውሃ ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ነገሮች ከሚያወጡት ጂኦስሚን ከሚባል ንጥረ ነገር ነው፣ ቆሮሶም ላይ ሊገኝ ይችላል። ሎሚ ይቀንሰዋል፣ ሎሚና ሚጥሚጣ የበዛበት ዓሳ ላይ ደግሞ ማንም ምንም አይለይም።

ሙሉ ዓሳ ከሆነ መሳሳት አይቻልም። የአምባዛ ጭንቅላቱ ጠፍጣፋና አጥንት ነው፣ ዓይኑ ትንሽ፣ አፉ ዙሪያ ስምንት ረጃጅም ጢም አለው። የጀርባው ክንፍ ከጭንቅላቱ ኋላ ጀምሮ እስከ ጅራቱ ሊደርስ ምንም አይቀረው፣ ደግሞም እሾህ የለውም። ጅራቱ ክብ ነው። ጎንና ጎኑ ካለው ክንፍ ላይ ግን መጋዝ የመሰለ እሾህ አለ፣ በእጃችሁ ስትይዙት ተጠንቀቁ። ጢም ያለው ሁሉ አምባዛ ነው ማለትም አይደለም። ባግረስ የሚባለው ዓሳም ጢም አለው፣ ቅርፊትም የለውም፣ ግን የጀርባው ክንፍ አጭር ነው፣ ከኋላው ሥጋ የመሰለ ሁለተኛ ክንፍ አለው፣ ጅራቱም መንታ ነው። ናይል ፐርች ጢም የሚባል ነገር የለውም፣ ጀርባው ላይ ጠንካራ እሾሆች ቆመዋል፣ ሰውነቱም በቅርፊት የተሸፈነ ነው።

ሰውየውን ደወልኩለት። መጀመሪያ «ትኩስ ነው እህቴ፣ ከቆቃ ትናንት የገባ ነው» አለኝ። ማስታወቂያው ላይ ግን የጫሞ ነበር! ደግሞ ቆቃ ናይል ፐርች የለም። ቆቃ አዋሽ ላይ የተገደበ ነው፣ ከሱ የሚወጣው ቆሮሶ፣ አምባዛ፣ ካርፕ የመሳሰሉት ናቸው። ናይል ፐርች በሀገራችን በዋናነት ያለው ጫሞና አባያ ሐይቆች፣ ኦሞና ቱርካና በኩል፣ ባሮ በኩል ነው። «የቆቃ ናይል ፐርች»፣ «የዝዋይ ናይል ፐርች»፣ «የጣና ናይል ፐርች» የሚላችሁ ሰው ወይ አያውቅም ወይ እያወቀ ነው።

ይህን ስለው ቪዲዮ ላከልኝ። ማዳበሪያ ውስጥ ዓሳ ሲንፈራገጥ ይታያል። «በሕይወት ያለ ነው የምንጭነው» ይላል። አቦ፣ በሱ ብሶ ራሱን አጋለጠ! ከውሃ ወጥቶ እርጥብ ማዳበሪያ ውስጥ ለሰዓታት በሕይወት የሚቆየው አምባዛ ነው። ከስንጥቡ በላይ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የተከፋፈለ አካል አለው፣ በዛ ነው አየር የሚተነፍሰው። ለዚህ ነው ውሃው ሲጎድልና ሲጨቀይ ሌላው ሲሞት እሱ የሚተርፈው። ናይል ፐርች በተቃራኒው ብዙ ኦክስጅን የሚፈልግ ዓሳ ነው፣ እንደዛ ማዳበሪያ ውስጥ አይቆይም። ቪዲዮውን አቁሜ አጉልቼ ሳየው ጢሙ ሁሉ ይታያል። ይህንኑ ጻፍኩለት። ብሎክ አደረገኝ።

ብሩ አልተመለሰም። ለእማዬ እውነቱን ነገርኳት፣ ምንም አላለችኝም፣ ሽሮ ሰርተን በላን። ዓሳውን ለጎረቤታችን ሰጠኋቸው፣ እነሱ ጋ ቅርፊት ጉዳይ አይደለም፣ አምባዛ መሆኑን ነግሬ ነው የሰጠሁት። በደንብ ጠብሰው በሉት፣ ጥሩ ነበር አሉኝ።

አሁን የምትገዙ ካላችሁ፣ ቀድማችሁ ምንም ብር አትላኩ። ሲደርስ በር ላይ ይከፈት፣ ቆዳው ይታይ፣ ይመዘን፣ ከዛ ይከፈል። ከዚህ በፊት የገዛችሁና ፍሪዘር ውስጥ ያስቀመጣችሁም ዛሬ አውጥታችሁ ጠርዝ ጠርዙን እዩት፣ አንዱ ቁራጭ ላይ እንኳ ቆዳ አይጠፋም። በተለይ ለእናቶቻችሁ ልትሰሩ ያሰባችሁ። ሰውየው ትናንት ቻናሉን በሌላ ስም ከፍቷል። ትልቅ ናይል ፐርች በሁለት እጁ አቅፎ የቆመ ልጅ ፎቶ አለበት፣ ከሥሩ የተጻፈውም «የቆቃ» ይላል። አክስቴ ከሐረር ደውላ ሰፈራቸው ድረስ እያደረሰ መሆኑን ነግራኛለች።