ሁለት መዥገር ወለድ ባክቴሪያዎች፣ ሁለት የማምለጫ ዘዴዎች

አናፕላዝማ ፋጎሳይቶፊለምና ኧርሊቺያ ቻፊንሲስ ድፍረታቸው ይገርማል። የሚኖሩት ባክቴሪያ እንዲገድል በተሰማራ ነጭ የደም ሕዋስ ውስጥ ነው! የመጀመሪያው ኒውትሮፊልን፣ ሁለተኛው ሞኖሳይትን ይመርጣል።

በ2006 የታተመው ጂኖማቸው (ሙሉ የዘር መረጃቸው) አንድ የጋራ ብልሃት አሳየ። ሁለቱም ሊፖፖሊሳካራይድ (የብዙ ባክቴሪያዎች የውጭ ሽፋን ክፍል) መሥሪያ ጂኖች የሏቸውም። ሰውነት ቶሎ የሚለየውን ምልክት አውልቀው ጥለውታል ማለት ነው።

ልዩነቱ የላይኛው ልብሳቸው፣ ማለትም የውጭ ገጽታቸው ፕሮቲኖች ላይ ነው። በማታለል አናፕላዝማ ይበልጣል ባይ ነኝ። ፒ44 የተባለውን የላይኛ ፕሮቲን የሚሠሩ ከ100 በላይ ጂኖች አሉት። አብዛኞቹ ብቻቸውን አይሠሩም፤ ተራ በተራ በዲኤንኤው ላይ ወዳለ አንድ የሥራ ቦታ እየተቀዱ የላይኛውን ፕሮቲን ይቀይሩታል። አንቲቦዲው (የሰውነት መከላከያ ፕሮቲን) አንዱን ሲለምድ ሌላው ብቅ ይላል። ኧርሊቺያ ግን የላይኛ ፕሮቲን የሚሠሩ 22 ተቀራራቢ ጂኖችን በተርታ ደርድሯል። መዥገር ውስጥ በዋናነት አንዱን፣ አጥቢ እንስሳ ውስጥ ደግሞ ሌሎቹን ሥራ ላይ ያውላል።