ጡቡን ሳንቀባ 17 ወር፦ የራንች ቤታችን የውጭ ቀለም እንዴት ከረመ?

ቤታችን በ1958 እ.ኤ.አ. የተሠራ ራንች ነው። አንድ ፎቅ፣ ረጅም፣ ዝቅ ያለ፣ ቀይ ጡብ። ያለነው ከአትላንታ በስተምሥራቅ፣ ዲካልብ ካውንቲ ነው። ከክላርክስተን እስከ ተከር እንዲህ ያለው ቤት እንደ አሸን ነው፤ ከገዙት ውስጥም ሐበሻ ብዙ ነው። ውጩን ያስቀባነው ካቻምና ኦክቶበር ላይ ነበር። አንድ ሙሉ በጋና ሁለት ክረምት አልፎበታል። አሁን በልበ ሙሉነት መናገር እችላለሁ።

መጀመሪያ የመጣው ቀቢ ገና ከመኪናው ሳይወርድ «ሁሉንም ነጭ እናድርገው» አለን። ባለቤቴም ግማሽ ልቡ እዚያው ነበር። ያን ሰሞን ከአዲስ አበባ መጥታ የነበረችው እናቴ ግን ጡቡን በእጇ ዳሰሰችና «ልጄ፣ ይሄ እኮ ተጠብሶ የወጣ ቀለም ነው። ነጩንስ ማን ያጥብልሻል?» አለችኝ። እኔም ማንበብ ጀመርኩ።

የነገሩ ሥር ውሃ ነው። ጡብ ዝናብ ይጠጣል፣ መልሶ ይተነፍሰዋል። በተለመደው የፕላስቲክ ቀለም ከሸፈኑት እርጥበቱ መውጫ ያጣል፤ ቀለሙ ይላጣል፣ አንዳንዴም የጡቡ ፊት እየተፈረፈረ ይወድቃል። እንደ እኛ ባሉ የዚያ ዘመን ቤቶች ደግሞ ጡቡ ብዙውን ጊዜ ልብስ ነው፤ ቤቱን የተሸከመው ከኋላው ያለው እንጨት ነው። በመካከላቸው ለአየር የተተወ ክፍተት አለ። ከታች በኩል ውሃ የሚወጣባቸው ትናንሽ ቀዳዳዎች ይታያሉ። ቀቢ ሳያስተውል በቀለም ይደፍናቸዋል። አንዴ ከቀቡት በኋላ ደግሞ ወደ ጥሬው ጡብ መመለስ እጅግ ከባድ ነው። እናም ተውነው። ጡቡ ይቀመጥ፣ ሌላው ከእሱ ጋር ይስማማ አልን።

ከወለሉ ሥር ካለው ክፍተት ውስጥ ከግንባታው የተረፈ አንድ ጡብ አገኘሁ። እሱን በፌስታል ይዤ ቀለም መሸጫ ሄድኩ። ከመሄዴ በፊት ውሃ አፈሰስኩበት። በደረቁ ቀይ ብቻ የሚመስለው፣ ሲረጥብ ሌላ ነገር ሆነ። ጥቁር የጭስ ነጥብ፣ ወይን ጠጅ፣ ቡና ዓይነት፣ ጥግ ላይ ደግሞ ብርቱካን። የመገጣጠሚያው ስሚንቶ ንጹህ ነጭ አይደለም፤ ወደ አሸዋ ያደላል። ፍለጋዬ እዚያው አለቀ ማለት ይቻላል። ቀለም የመረጥኩት ከእነዚያ ነጥቦች ውስጥ ነው።

መጀመሪያ ግራጫ አስቤ ነበር። ትልቅ ካርቶን ላይ ቀብተን ጡቡ ላይ አስደገፍነው። መደብሩ ውስጥ ግራጫ የነበረው እዚህ ሲመጣ ሰማያዊ ሆኖ ቁጭ! ቀይ ጎኑ ያለውን ግራጫ ወደ ቀዝቃዛው ይገፋዋል። ብራና ወይም ቡና ያለበት ቀለም ግን ይስማማዋል። ካርቶኑን ሳታዩ፣ ያውም ጠዋት፣ እኩለ ቀንና ማታ ሳታዩ አንድ ጋሎን እንኳ አትግዙ። በጣት የምታክለዋ የናሙና ወረቀት ታታልላለች።

የመረጥነው ሸርዊን ዊሊያምስ የተባለው ቀለም አምራች የሚሸጠውን ኧርቤን ብሮንዝ ነው። በ2021 እ.ኤ.አ. የዓመቱ ቀለም ብለው የሰየሙት ነው። ጥቁር ቡና፣ ትንሽ አረንጓዴ የነካካው። በጣሪያው ጠርዝ ዙሪያ ያለውን ጣውላና አሸንዳውን በእሱ ቀባን። ከጣሪያው ክንፍ ሥር ያለውን ደግሞ አላባስተር በሚባለው ለስላሳ ነጭ። ቀለሙ ምን ያህል ብርሃን እንደሚመልስ የሚናገር ቁጥር አለ፤ ከመቶ የአላባስተር 82፣ የኧርቤን ብሮንዝ 8 ነው። ጥቁሩ ጠርዝ የቤቱን ረጅም መስመር አጉልቶ ያሳያል። ከሥሩ ያለው ነጭ ብርሃን ወደ መስኮቱ ይመልሳል። ወደ ታች የሚወርደውን የአሸንዳ ቱቦ ግን ከጡቡ ጋር የሚመሳሰል ቀይ ቡኒ አደረግነው፤ አሁን አይታይም።

የመስኮቶቹን የጎን መከለያዎች አወለቅናቸው። ቢዘጉ መስኮቱን የማይሸፍኑ፣ ለጌጥ የተሰኩ ነበሩ። ራንች ውበቱ አግድም ነው፤ እነሱ ግን ቤቱን እየቆራረጡ ያሳጥሩት ነበር። ከሠራነው ሁሉ በጣም የምወደው ይሄን ነው። ደግሞ በነፃ ነው።

በሩ ላይ ግን ተሳሳትን። ፊት ለፊታችን ወደ ምዕራብ ያያል። በሩን ጥቁር ለማለት ትንሽ የቀረው ሰማያዊ ቀባነው። ከውጭ ደግሞ ሙሉ መስታወት የሆነ ሁለተኛ በር፣ ስቶርም ዶር የሚሉት፣ ነበረው። ጁላይ ላይ፣ ከሰዓት፣ በሁለቱ መካከል ያለው አየር እንደ ምጣድ ይግላል። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ በሩን በመዳፌ ገፋሁት፣ ቀለሙ ተጣበቀብኝ። የጠርዙ ጎማም ተጣብቆ አብሮ ተላጠ። መሃሉ ላይ እንደ እንጀራ ዓይን ትናንሽ እብጠቶች ወጥተዋል። ቀለሙ ምንም አላጠፋም፤ ጥቁር ቀለም፣ መስታወትና የምዕራብ ፀሐይ አንድ ላይ አይሆኑም። መስታወቱን አነሳን፣ በሩን ፍቀን የእርድ ቀለም ቀባነው። ደማቅ ቢጫ አይደለም፣ ወጥ ውስጥ የገባ እርድ ነው። ከቀዩ ጡብ ጋር እንዴት እንደሚሄድ! ሰባት ወር ሆኖታል፣ አንዲት እብጠት የለችም።

ሌላው እንዴት ሆነ? ጥቁሩ ጠርዝ አልደበዘዘም፣ አልተሰነጠቀም። የሚያስቸግረው የጥድ ብናኝ ነው። ማርች አጋማሽ ላይ ይጀምርና ሁሉን ቢጫ ያለብሳል፤ ጥቁር ላይ ደግሞ ይጎላል። በውሃ ጎማ ብቻ ይለቃል። በሰሜን በኩል ያለው አላባስተር ግን አረንጓዴ ሻጋታ ጀምሮታል፤ በዚህ እርጥበት የሚጠበቅ ነው፣ በሳሙናና በለስላሳ ብሩሽ ለቀቀ። የጆርጂያ ቀይ አፈር በዝናብ እየተረጨ ግድግዳው ሥር ይለጠፋል። የእኛ ጡብ ላይ ማንም አያየውም። ሁለት ቤት አልፎ፣ ሙሉ በሙሉ ነጭ በተቀባው ላይ ግን እስከ ጉልበት ድረስ ይታያል። እናቴ ትዝ አለችኝ።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ቤታችሁ ከ1978 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠራ ከሆነ አሮጌውን ቀለም ሳታስመረምሩ አትፋቁ። የእኛ የመስኮት ክፈፍ ሊድ፣ ማለትም መርዛማው የእርሳስ ብረት፣ ተገኘበት። ለሊድ የሠለጠነና ፈቃድ ያለው ሰው አምጥተን ነው ያሠራነው። ልጆች ባሉበት ቤት በዚህ ቀልድ የለም።

የቀረኝ የበረንዳው የብረት ምሰሶዎች ናቸው። ዝገቱን በደንብ ሳንፍቅ፣ የዝገት መከላከያ ሳናስቀድም ቀባናቸው፤ ዘንድሮ ከእግራቸው በኩል ቡናማ ፈሳሽ እያወጡ ነው። ብናኙ ሲያልፍ፣ ሜይ ላይ፣ እስከ ብረቱ ድረስ ፍቄ እንደገና እቀባቸዋለሁ። ቀለሙን አልቀይርም። ግማሽ ጣሳ ተርፎኛል።