«አትግዙ» ላለችን የሞምባሳ ጠበቃ

ባለፈው ቅዳሜ አዲሱ ቤታችን ቡና አፍልተን ነበር። የሞምባሳ ሐበሻ ብዙ አይደለም፤ የመጣው ግን ሳሎኑን ሞላው። ሁሉም ዞር ዞር ብሎ ቤቱን ካየ በኋላ የጠየቀን ያንኑ ጥያቄ ነው፦ «እንዴት ሳትበሉ ገዛችሁ?» («ሳትበሉ» የምትለዋን አጥብቃችሁ አንብቡልኝ። እንግዳውማ ጠግቦ ነው የሄደው።)

መልሱ አንዲት ሴት ናት። ለእያንዳንዱ ሰው በስልክ ከምደጋግመው እዚህ ልጻፈውና ልገላገል ብዬ ነው።

ስሟን አላወጣም። «ማስታወቂያ እንዳታደርጊኝ» ብላኛለች። እኛ ቤት እንደምንጠራት «ዋኪሊ» ልበላት። በስዋሂሊ ዋኪሊ ማለት ጠበቃ ነው። መጀመሪያ ስሰማው «ወኪል» ያሉኝ መስሎኝ «የማን ወኪል?» ብዬ ጠይቄ አስቄያቸዋለሁ። ቃሉ ከዐረብኛ ለሁለታችንም የደረሰን ነው። የማን ወኪል እንደሆነች ግን ቆይቶ ገብቶኛል።

እኔና ባለቤቴ ሞምባሳ ከገባን ስድስት ዓመታችን ነው። እሱ ወደቡ አካባቢ የትራንዚት ሥራ ላይ ነው፤ የሥራ ፈቃዱም በዚያው ነው። አገሩ ደስ ይላል፣ ሙቀቱ ግን ቀልድ አያውቅም። አዲስ አበባ ሦስት ቀን የሚፈጅ ሊጥ እዚህ በማግስቱ ጠዋት ክዳኑን ገፍቶ ይወጣል። ጤፉን ከናይሮቢ ኢስሊ በአውቶቡስ እናስመጣለን። እንጀራው ሁለተኛ ቀኑን ውጭ ካደረ ሻገተ ማለት ነው። የጨው ነፋሱ ደግሞ ብረት ይበላል። በተከራየንበት ቤት የመስኮቱን ፍርግርግ ስወለውል አንድ ቀን ዘንጉ እጄ ላይ ተሰበረ። አከራያችን መጥቶ አየና ኪራይ ጨመረ። ያን ዕለት ማታ ነው «እንግዛ» ያልነው።

የመጀመሪያውን ቦታ ያመጣልን ደላላ የአገራችን ልጅ ነው። ከምትዋፓ አልፎ ወደ ኪሊፊ መንገድ ላይ፣ ሩብ ሄክታር የምትሆን፣ ሁለት የኮኮናት ዛፍ ያላት። «ፍሪሆልድ ነው፣ ለዘላለም የእናንተ ነው» አለን። የውጭ ዜጋ ስለሆንን የሚያስቸግር ነገር ካለም በአንድ ኬንያዊ ወዳጁ ስም እናስመዘግበዋለን አለ። ቀብዱን ግን ዛሬ ማታ በኤምፔሳ፣ ምክንያቱም ሌላ ገዢ አለ። ሁልጊዜ ሌላ ገዢ አለ፣ አይደል?

ባለቤቴ ስልኩን አውጥቶ ነበር። የሥራ ባልደረባው ነው «ኧረ መጀመሪያ አንድ ሴት አነጋግሩ» ብሎ ወደ ዋኪሊ የላከን።

ቢሮዋ ኦልድ ታውን ውስጥ ነው፤ ከፎርት ጂሰስ ብዙም አይርቅም። ጣሪያው ላይ ትልቅ ማራገቢያ ይዞራል። ወረቀቶቿ እንዳይበሩ በእያንዳንዱ ክምር ላይ ዛጎል አስቀምጣለች። ዛጎል ከሌለው ክምር ላይ እጇን ጫን አድርጋ ነው የምታወራው። ታሪካችንን ሰማችና ስለ ቦታው ምንም ሳትል «ፓስፖርታችሁንና የመኖሪያ ፈቃዳችሁን አሳዩኝ» አለች። ከዚያ «ቤት መግዛት የመኖሪያ ፈቃድ አያስገኝም፤ ይህን የነገራችሁ ሰው ካለ ዋሽቷችኋል» አለች። ደላላው ነግሮን ነበር።

ቀጥላ በእ.ኤ.አ. 2010 የጸናውን የኬንያ ሕገ መንግሥት አወጣች። አንቀጽ 65። የውጭ ዜጋ መሬት የሚይዘው በሊዝ ብቻ ነው፤ ያውም ከ99 ዓመት ያልበለጠ። ውሉ ላይ «ለዘላለም» ተብሎ ቢጻፍም ሕጉ የሚያነበው 99 ብሎ ነው። ኩባንያ ማቋቋምም አያድንም። ባለቤትነቱ መቶ በመቶ የኬንያውያን ካልሆነ ኩባንያውም እንደ ውጭ ዜጋ ይቆጠራል። ባለቤቴ ወደ እኔ ዞሮ በአማርኛ «ከአዲስ አበባ ሊዝ ሸሽተን ሊዝ ላይ ወደቅን» አለ። እዚያም የመኖሪያ ሊዝ 99 ዓመት ነው። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ምን እንዳለ ሲነገራት እሷም ሳቀች።

በሰው ስም ማስመዝገቡን ስናነሳ ግን ሳቋ ጠፋ። «ያ ሰው ነገ ቢሞት ልጆቹን ታውቋቸዋላችሁ?» አለችን። እኛ ሰውየውንም አናውቀውም ነበር።

ቦታው ደግሞ የእርሻ መሬት ሆኖ ተገኘ። የእርሻ መሬት ሽያጭ የመሬት ቁጥጥር ቦርድ ስምምነት ይፈልጋል። ቦርዱ ለውጭ ዜጋ አይፈቅድም። ያለ ስምምነት የተደረገ ሽያጭ ደግሞ በሕግ ዋጋ የለውም። እዚህ ላይ ጉዳዩ ማለቅ ነበረበት፤ እሷ ግን «ኑ፣ መሬቱን አብረን እንየው። ለሚቀጥለው ትምህርት ይሆናችኋል» አለች። እሑድ ዕለት ነጠላ ጫማዋን አድርጋ፣ ጃንጥላ ይዛ፣ ከምትዋፓ በቱክቱክ ሄድን።

ደላላው ሲያሳየን በዋናው መንገድ በኩል ቆመን ነበር ያየነው። እሷ በጓሮ በኩል አስገባችን። ከማንጎው ሥር የጭቃ ቤት አለ። ከቤቱ ጀርባ ሁለት መቃብር አለ። አንዲት አሮጊት «ካሪቡ» ብለው ኮኮናት ቀድደው ሰጡን። ዋኪሊ ከእሳቸው ጋር ግማሽ ሰዓት ያህል ተቀምጣ አወራች። ስትመለስ «እዚሁ ነው የተወለዱት፤ መቃብሩ የእናታቸው ነው» አለችን። በኬንያ 12 ዓመት ማንም ሳይከለክለው በሰው መሬት ላይ የኖረ ሰው ፍርድ ቤት ሄዶ ይገባኛል ማለት ይችላል። የባሕሩ ዳርቻ መሬት እስከ እ.ኤ.አ. 1963 በስም የዛንዚባር ሱልጣን ግዛት ነበር። ወረቀቱ በአንድ ሰው እጅ፣ ኗሪው ሌላ ሰው የሆነበት ቦታ ብዙ ነው። የኮኮናቱን ውኃ እየጠጣሁ አፈርኩ። ገንዘባችን ቢሄድ እናዝናለን፤ እሳቸውን ግን ከእናታቸው መቃብር ልናስነሳ ነበር።

ስንት እንክፈልሽ ስንላት የአንድ ምክር ብቻ ተቀበለች። ዋናው ክፍያዋ እኮ የሚመጣው ሽያጩ ሲያልቅ ነው። «አትግዙ» ባለች ቁጥር የራሷን እንጀራ ነው የምትገፋው። ሁለት ጊዜ ገፋችው።

ሁለተኛው አሮጌ የስዋሂሊ ቤት ነበር፤ ዋጋው የሚገርም። ሞምባሳ ውስጥ «ቤት ያለ መሬት» የሚባል ነገር እንዳለ ያወቅነው ያኔ ነው። ቤቱ የሻጩ ነው፤ መሬቱ ግን የሌላ ባለቤት ሆኖ ሻጩ በየወሩ ኪራይ ይከፍልበታል። ሻጩ አልዋሸንም። እኛ አልጠየቅነውም፣ እሱም አልነገረን። እሷ ፋይሉን ባየች በአሥር ደቂቃ ጨረሰችው።

ሦስተኛው ይሄው አሁን ቡና ያፈላንበት ነው። ኒያሊ፣ ሁለት መኝታ፣ ትንሽ ግቢ። ሻጩ አገሩ ሊመለስ የተዘጋጀ ጣሊያናዊ ሽማግሌ ነው። (አባቴ በስልክ «ከጣሊያን መሬት ገዛን» ስለው ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ «ቀሪ ሒሳብ አለብን፣ ዋጋ አስቀንሱት» አለ።) ሰውዬው ሰነዱን ዘርግቶ በጣቱ «ሊዝ፣ 999 ዓመት» የሚለው ላይ መታ መታ እያደረገ «ለልጅ ልጆቻችሁ ይተርፋል» አለን። ዋኪሊ በትሕትና «እርስዎ የኬንያ ዜጋ ነዎት?» አለችው። አይደለም። እንግዲያው የውጭ ዜጋ በእጁ የያዘው ከ99 ዓመት የሚበልጥ ሊዝ ሁሉ፣ ሕገ መንግሥቱ ከጸናበት ከኦገስት 27፣ 2010 ጀምሮ ወደ 99 ተቀንሷል። የሚያልቀው 2109 ላይ ነው። ሽማግሌው ይህን በእርግጥ አያውቅም ነበር፤ ፊቱ ላይ አየሁት። የአባቴ ምኞት ግን ተሳካ። ዋጋው ቀነሰ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ወረቀት ባጭሩ ልለፈው። እዚህ እንደኛ አገር ሁለታችሁም ቀርባችሁ የምትፈርሙበት ውልና ማስረጃ የለም። ሥራው የሚያልቀው በሁለቱ ወገን ጠበቆች መካከል ነው። ስለዚህ የሻጭን ጠበቃ «ለሁለታችንም ይበቃል» የሚላችሁን አትስሙ። መጀመሪያ የመዝገብ ፍተሻ ይደረጋል፤ እነሱ «ሰርች» ይሉታል። ንብረቱ በባንክ ብድር መያዙና እገዳ ካለበት እዚያ ላይ ይታያል። ከግብር ቢሮ ፒን (የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር) ማውጣት የግድ ነው። አሥር በመቶው ቀብድ በሻጭ ጠበቃ እጅ በአደራ ይቀመጣል፤ ዝውውሩ እስኪያልቅ ሻጩ እንደማይነካው ውሉ ላይ ይጻፋል። የቴምብር ቀረጥ ከተማ ውስጥ 4 በመቶ ነው፤ የሚከፍለው ገዢ ነው። በ10 ሚሊዮን ሽልንግ ብትገዙ 400 ሺህ ማለት ነው። ቀድማችሁ ለብቻው አስቀምጡት። በትርፉ ላይ ያለው 15 በመቶ ግብር የሻጩ ነው። የእኛ ሻጭ በእኛ ላይ ሊያላክከው ሞክሮ ነበር፤ በዋኪሊ በኩል አላለፈለትም።

የቀያሹ ቀን ግን ሊረሳኝ አይችልም። ዋኪሊ የታመነ ቀያሽ ይዛ መጣች፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ ልጅ ነው። ካርታውን መሬት ላይ ዘርግቶ አራቱን የድንበር ምልክት መፈለግ ጀመረ። ሦስቱ ተገኙ። አራተኛው ጥግ ላይ ቡገንቪላው እንደ ግድግዳ ተቆልሏል። ልጁ በቆንጨራ ሲመነጥር እሾሁ ክንዱን ገሸላለጠው። ለአንድ ሰዓት ያህል ቆፈረ። በመጨረሻ «ቲክ» የሚል ድምፅ ተሰማ። ብረቱ ከአጥሩ ውጭ ሳይሆን ከአጥሩ ውስጥ ነበር፣ ከግንቡ አንድ ሜትር ከስንዝር ወደ እኛ ገብቶ። ግንቡ የተሠራው በመንገዱ መሬት ላይ ነው ማለት ነው። ሻጩ ጎረቤቱን ተከትሎ የሠራው ነው። ዋኪሊ ብረቱ ላይ ጃንጥላዋን ተክላ ፎቶ አነሳችው። ግንቡን ለማፍረስና ለማስጠጋት የሚወጣው ወጪም ከዋጋው ላይ ተነሳ። ያ ግንብ ወደፊት መንገድ ሲሰፋ በእኛ ላይ ይፈርስ ነበር።

አንድ ሌላ ምክሯን ደግሞ ሰው ሁሉ ይወቅልኝ። «ቤት በጥር አትዩ፣ በግንቦት እዩ» ትላለች። ጥር ላይ ደረቁ የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ ይነፍሳል፤ ሁሉም ቤት ያምራል፣ ቀለሙም ትኩስ ነው። ግንቦት የባሕሩ ዳርቻ ትልቁ ዝናብ የሚበረታበት ነው። ጣሪያው የሚያፈሰው፣ መንገዱ ሐይቅ የሚሆነው ያኔ ነው። እኛን በግንቦት ዶፍ ውስጥ ሁለት ጊዜ መልሳ አሳይታናለች። የማእድ ቤቱን ጥግ እርጥበት ያገኘነው በዚያ ነው። ኩሽናው ውስጥ ያለውን የቧንቧ ውኃም አስቀምሳኛለች። የጉድጓድ ውኃ ስለሆነ ጨው ጨው ይላል። ለመጠጥ ሌላ ታንከር እንደሚያስፈልግ ከመፈረማችን በፊት አወቅን።

እንከን የላትም እያልኩ አይደለም። የዋትሳፕ መልእክት ከላካችሁላት መልሱን የሚያዩት የልጅ ልጆቻችሁ ናቸው። ደውሉ ወይ ሂዱ። በ90 ቀን ያልቃል የተባለው ዝውውር አምስት ወር ፈጅቷል። እርግጥ ከፊሉ የመንግሥት ቢሮው ነው፤ ከፊሉ ግን እሷ እያንዳንዱን ወረቀት ሦስቴ ስለምታነብ ነው። ሦስተኛው ወር ላይ ትዕግሥቴ አልቆ ስጮህባት «ሃራካ ሃራካ ሃይና ባራካ» አለችኝ፤ ችኮላ በረከት የለውም ነው ነገሩ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለውን ተርጉሜ መለስኩላት። ጽፋ ያዘችው። አሁን ለሌላ ደንበኛ ሁሉ በእኔ ተረት ነው አሉ የምታስታግሰው።

የምትፈልጓት ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ቁጥሯን አስፈቅጄ እልካለሁ። ሞምባሳና ኪሊፊ አካባቢ ብቻ ነው የምትሠራው። ናይሮቢ የምትገዙ ሌላ ፈልጉ። የትኛውንም ጠበቃ ስትይዙ ግን የኬንያ ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ድረ ገጽ ላይ ስሙን አስገብታችሁ የዘንድሮ ፈቃዱ መታደሱን እዩ፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። የቀያሹንም ስልክ የሚፈልግ ይጠይቀኝ። ክንዱ ድኗል።

ለቅዳሜው ቡና ዋኪሊ ልጇን ይዛ መጥታ ነበር። ግንቡ የተጠጋበትን ጥግ ዞራ አይታ፣ ብረቱን በእግሯ ነካ አድርጋ ነው ወደ ውስጥ የገባችው። ሽሮውን በጣም ወደደችው፤ እንጀራውን ግን «ትንሽ አልቆመጠጠም?» አለችኝ። በዚህ ሙቀት ከዚህ የተሻለ አይገኝም።

ስትደውሉላት «የሐበሻዋ፣ የኒያሊዋ ልካኝ ነው» በሏት። ቅናሽ ግን አትጠይቋት። የጠበቃ ትንሹ ክፍያ እዚህ በሕግ የተወሰነ ነው፤ ከዚያ በታች ማስከፈል ያስጠይቃታል። እኔ ጠይቄ አንድ ሰዓት ያህል ሕጉን ስታነብልኝ ተቀምጫለሁ።