ድራትሃር ወይስ ግሪፎን? ሻካራ ፀጉር ያለው አዳኝ ውሻ ለመግዛት ላሰባችሁ

ሁለቱን ውሾች ጎን ለጎን አቁሞ ለሚያይ አዲስ ሰው ልዩነታቸው ቶሎ አይታየውም። ሁለቱም ጺማሞች ናቸው፤ ቅንድባቸው ዓይናቸው ላይ ወርዷል፤ ፀጉራቸው ሲዳሰስ ይሻክራል፤ የወፍ ሽታ ሲደርሳቸው አፍንጫቸውን ወደ ሽታው ቀስረው ባሉበት ድርቅ ይላሉ። መመሳሰላቸው ከዘር የመጣ ነው፤ ጀርመኖች ድራትሃርን ሲያዳቅሉ ከተጠቀሙባቸው ውሾች አንዱ ግሪፎን ነበር። አብሮ ለመኖር ግን የተለያዩ ውሾች ናቸው። በጺሙ ወዶ የገዛ ሰው ዓመት ሳይሞላ ውሻውን የሚረከብለት ሲያፈላልግ ማየት ያሳዝናል፤ የሚጎዳው ደግሞ ውሻው ነው።

ልዩነቱ የሚጀምረው ከተዳቀሉበት ዓላማ ነው። ግሪፎንን ለይቶ ያወጣው ኤድዋርድ ካሬል ኮርታልስ የተባለ ሆላንዳዊ ነው። በ1874 (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሙሽ የተባለች ውሻ ገዝቶ ጀመረ፤ ሥራውን በኋላ ጀርመን ውስጥ ቀጠለበት። በዓለም አቀፉ የውሾች ፌዴሬሽን መዝገብ ግን ዝርያው የፈረንሳይ ነው። ግሪፎን በእግሩ ለሚያድን ሰው የሚሆን፣ ከጌታው ብዙ የማይርቅ፣ ረግረግና ቁጥቋጦ የማይበግረው ውሻ ነው።

የድራትሃር ማኅበር ደግሞ በ1902 ጀርመን ውስጥ ተመሠረተ። የፈለጉት ሁሉንም ሥራ የሚሠራ አንድ ውሻ ነበር፦ ሜዳ ላይ ወፍ የሚያመለክት፣ ከሐይቅ ዳክዬ የሚያወጣ፣ የቆሰለ አጋዘን የደም ዱካ ተከትሎ የሚያገኝ። በጀርመኖቹ ትልቁ የአደን ፈተና ላይ ውሻው የሞተ ቀበሮ በአፉ ይዞ መሰናክል እየዘለለ ወደ ጌታው እንዲመጣ ይጠየቃል። ቀበሮ ከባድ ነው፤ ሽታውም ይከረፋል፤ ብዙ ውሻ አፉን ሊያስነካው አይወድም። ሳሎናችሁ ውስጥ የሚገባው ቡችላ እንዲህ ዓይነቱን ሥራ እምቢ የማይሉ ውሾች ልጅ መሆኑን ከመግዛታችሁ በፊት አስቡበት።

በቁመት ወንዱ ድራትሃር ከ61 እስከ 68 ሴንቲ ሜትር፣ ሴቷ ከ57 እስከ 64 ትደርሳለች። ግሪፎን አነስ ይላል፤ ወንዱ ከ55 እስከ 60፣ ሴቷ ከ50 እስከ 55። የምግብ ወጪ ላይ የሚያመጣው ለውጥ ትንሽ ነው። ማሰሪያውን ይዞ የሚሄደው ልጅ ወይም አረጋዊ ከሆነ ግን ቁመቱና ጉልበቱ ያሳስባል።

ጠባይ ላይ ልቆይ፤ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ድራትሃር ሜዳ ላይ ሰፋ አድርጎ ይሮጣል፤ አንድን ሰው ጌታዬ ብሎ ይይዛል፤ እንግዳ ሲመጣ ይጠራጠራል። ያየውን የሚሮጥ ነገር ሁሉ ማሳደድ ይፈልጋል፤ የጎረቤት ድመት፣ ዶሮ፣ በግ ለእሱ ልዩነት የላቸውም። ከድመት ጋር በሰላም የሚኖሩ አሉ፤ ከቡችላነታቸው አብረው ስላደጉ ነው፤ የውጭዋን ድመት ግን ላይምሯት ይችላሉ። ጽኑ ሆኖ ዛሬ የከለከለውን ነገም የሚከለክል ጌታ ካገኘ ታዛዥ ነው። ካላገኘ ቤቱን የሚያስተዳድረው እሱ ይሆናል። ግሪፎን ለስለስ ይላል። ሰው በሄደበት ክፍል ሁሉ ይከተላል፤ ከልጆች ጋር ይግባባል፤ ቁጣ ሲበዛበት ተኮራምቶ ሥራውን ያቆማል። ስለዚህ በጩኸት የሚያሠለጥን ሰው ግሪፎን ባይገዛ ይሻላል። ብቻውን ረጅም ሰዓት መዋልም አይችልበትም።

በእኛ አገር ልማድ ውሻ የግቢ ጠባቂ ነው፤ ቀን ይታሰራል፣ ሌሊት ይለቀቃል። እነዚህን ሁለት ዝርያዎች ለዚያ የሚገዛ ካለ አጥብቄ እለምነዋለሁ፤ ይተወው። ሰንሰለት ላይ የዋለ ድራትሃር ይጮኻል፣ ይቆፍራል፣ ያገኘውን ያኝካል፤ ግሪፎን ደግሞ ከሰው ሲለይ ይጎሳቆላል። ለድራትሃር በቀን ሁለት ሰዓት ያህል እውነተኛ ሩጫ፣ በላዩም አእምሮውን የሚያሠራ ሥልጠና ያስፈልገዋል። ግሪፎን ከዚያ ባነሰ ይበቃዋል፤ ከአንድ ሰዓት በታች ግን ማሰብ አይገባም። ቡችላ ሳለ ሁለቱንም ረጅም ርቀት አታስሩጡ፤ አጥንታቸው እስኪጠና አንድ ዓመት ያልፈዋል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የምትኖሩ ከሆነ የበጋውን ሩጫ ለንጋትና ለሌሊት ብቻ ማድረግ ግድ ነው፤ ሁለቱም ለቀዝቃዛ ውሃ የተሰጣቸው ጥቅጥቅ ያለ የውስጥ ፀጉር አላቸውና።

ፀጉሩን በተመለከተ ብዙ የተሳሳተ ነገር ይወራል። «ፀጉሩ አይረግፍም» ብሎ የሚሸጥ ሰው አትመኑ፤ ከሌሎች ያነሰ ይሁን እንጂ ይረግፋል፤ አለርጂ ያለበት ሰውም አይድንበትም። የድራትሃር የላይ ፀጉር ከ2 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ደረቅና ተለጥፎ የተኛ ከሆነ በሳምንት አንዴ ብሩሽ ይበቃዋል፤ ጭቃውም ሲደርቅ በራሱ ይራገፋል። የግሪፎን ፀጉር ረዘም፣ ሞላ ያለ ነው፤ ማበጠሪያው እስከ ቆዳው መድረስ አለበት፤ አለዚያ ከጆሮው ሥርና ከብብቱ ይቋጠራል። ሁለቱም የሞተ ፀጉራቸው በጣት እየተነቀለ ሲታደስ ነው ሻካራነታቸው የሚቆየው። በትክክል ከተሠራ አያማቸውም፤ የሞተው ፀጉር በቀላሉ ይወጣል። በቶንዶስ ማስላጨት ፈጣን ነው፤ ነገር ግን ሻካራው ፀጉር ይቆረጥና የውስጡ ለስላሳ ፀጉር ይገንናል፤ ያን ጊዜ ጭቃና ችጎጎት እየሰበሰበ ይመጣል። ከሜዳ ሲመለሱ በእግር ጣቶቻቸው መካከል፣ በጆሮና በጺማቸው ውስጥ መዥገርና የሣር እሾህ ፈልጉ፤ እሾሁ ቆዳ በስቶ ወደ ውስጥ ይሄዳል፣ ያመግላል። ጺሙ ውሃ በጠጣ ቁጥር ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል። በዚህ የምትበሳጩ ከሆነ ከሁለቱም አንዱም አይሆናችሁም።

በስምንት ሳምንት ቡችላ ላይ የወደፊቱን ፀጉር ማወቅ አስቸጋሪ ነው። እናትና አባቱን እዩ፤ በእጃችሁም ዳስሱ።

ስለ ወላጆቹ በሚቀርበው የማረጋገጫ ወረቀት ድራትሃር ይበልጣል። በጀርመኑ ማኅበር ደንብ ወላጆቹ የአደን ፈተና ካላለፉ፣ ፀጉራቸውና አቋማቸው ካልተገመገመ፣ ዳሌያቸው በራጅ ካልታየ ለእርባታ አይፈቀዱም። አሜሪካ ውስጥ ግን ጀርመን ዋየርሄርድ ፖይንተር በሚል ስም በአሜሪካ ኬኔል ክለብ የሚመዘገቡ ውሾች አሉ። መነሻ ዘራቸው ከድራትሃር ጋር አንድ ቢሆንም ለምዝገባው የአደን ፈተና ግዴታ አይደለም። መጥፎ ናቸው ማለት አይደለም፤ እንዲያውም ረጋ ያለ ውሻ ለሚፈልግ ቤተሰብ ከእነሱ መካከል ሊገኝ ይችላል። ማጣራቱ ግን የገዢው ሥራ ይሆናል። ለድራትሃርና ለፖይንተሩ የዳሌና የክርን ራጅ፣ እንዲሁም ፎን ቪሌብራንድ የሚባለውን የደም አለመርጋት በሽታ የዘረመል ምርመራ ጠይቁ። ለግሪፎን ዳሌ፣ ክርንና የዓይን ቆብ መታየት አለባቸው። ሁለቱም ደረታቸው ጥልቅ ስለሆነ የሆድ መነፋትና መጠማዘዝ ያሰጋቸዋል፤ ምግቡን በቀን ሁለት ጊዜ ከፍሎ መስጠትና በልተው ወዲያው አለማስሮጥ ይመከራል። ሆዱ ተነፍቶ ለማስመለስ እየታገለ ምንም ካልወጣው ሌሊትም ቢሆን ወደ ሐኪም ሩጡ።

ሌሎችም አሉ። የጣሊያኑ ስፒኖኔ ከሁሉም እርጋታ አለው፤ ከባድና ቀስ ያለ ነው፤ ቡችላ ስትገዙ አንጎልን ጎድቶ የሰውነት ሚዛን ለሚያሳጣው የዘር በሽታ ወላጆቹ መመርመራቸውን ጠይቁ። የሃንጋሪው ሻካራ ፀጉር ቪዝላ ለሰው በጣም ይቀርባል፤ ለአፓርታማ ቀላል ይሆናል ብላችሁ ግን አትቁጠሩት።

እኔ የምመክረው ይህን ነው። በየሳምንቱ የምታድኑ ከሆነና ከዳክዬ እስከ አጋዘን የምትፈልጉ ከሆነ ድራትሃር፤ ከተፈተኑ ወላጆች። በዓመት ጥቂት ጊዜ ወፍ ለማደን የምትወጡና የቀረውን ጊዜ ከልጆች ጋር የምታሳልፉ ከሆነ ግሪፎን። ጨርሶ የማታድኑ ከሆነ፣ ግን በየቀኑ ረጅም እግር ጉዞ የምትወዱ ከሆነ፣ ያው ግሪፎን ወይም ስፒኖኔ። ሥራ ላይ አሥር ሰዓት የምትውሉና ቤት የሚቀር ሰው የሌላችሁ ከሆነ ግን ከአራቱም አንዱንም አልመክርም።

ቡችላ ማሳደጉ ከከበዳችሁ ትልቅ ውሻ ማሰብ ጥሩ ነው። አሜሪካ ውስጥ ለሁለቱም ዝርያዎች ቤት ያጡትን የሚያስጠጉ በጎ ፈቃደኞች አሉ። ከሦስት ዓመት ውሻ ጋር አንድ ከሰዓት ብታሳልፉ፣ ድመት ሲያይ፣ ሕፃን ሲነካው፣ ብቻውን ሲቀር የሚያደርገውን ራሳችሁ ታያላችሁ፤ ይህን በቡችላ ላይ ማየት አይቻልም።